ከዐስር እስከ መግሪብ፦ መካኒሳን በእግር

በረመዳን ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ጊዜ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ለልጆች ግን ከቀኑ ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሳምቡሳ ይጠቀለላል፣ ሾርባው ይንተከተካል፤ እነሱ ወይ ስልክ ላይ አፍጥጠዋል ወይ «ስንት ደቂቃ ቀረው?» ይላሉ። ይህን ጊዜ ሰፈርን በእግር ለማወቅ ማዋል ይቻላል። ስፖርት ማለታችን አይደለም። ሰፈሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ፣ «እዚህ ምን ነበር?» እየተባለ የሚኬድበትን ጉዞ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ የተለመደ ነው። የከተማ ጉዳዮች ጸሐፊዋ ጄን ጃኮብስ ባረፈች በዓመቱ፣ በ1999 ዓ.ም. ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ በስሟ የተጀመረው የሰፈር ጉዞ ዛሬ በብዙ አገሮች ይካሄዳል። ክፍያ የለውም፤ አስጎብኚዎቹም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በአገራችን ደግሞ ሐረር አለች። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ጀጎል በውስጡ 82 መስጂዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች አሉት። መንገድ የሚመራ ሰው ሳይዙ ለገባ እንግዳ ግን አብዛኛው አጥር ብቻ ሆኖ ይታለፋል።

መካኒሳ ጀጎል አይደለም። የሚታይ ግንብ የለውም፤ ቱሪስትም አይመጣበትም። ታሪኩ የተቀመጠው ስሙ ውስጥ ነው። በኦሮምኛ መካኒሳ ማለት ብሳና ነው። ያቺ ቅጠሏ እንደ ልብ ቅርጽ የሆነ፣ ከስሯ ነጣ የምትል፣ ቅጠሏ ሊረግፍ ሲል ብርቱካን መስሎ የሚቀላ፣ አበባዋን ንብ የሚወደው ዛፍ። እናቶቻችን ለቁስልና ለቆዳ በሽታ ቅጠሏን ያውቁታል። ክፍለ ከተማውም ቢሆን ከስሙ ግማሹ ዛፍ ነው፤ ላፍቶ ማለት ግራር ነውና። ነፋስ ስልክ የሚለው ደግሞ ሽቦ አልባው መገናኛ በመጣበት ዘመን የቀረ ስም ነው። ያለ ሽቦ የሚሄደውን መልእክት ነፋስ ያደርሰዋል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ዋይፋይ ለያዘ ልጅ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ማን ይሰጠዋል?

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ብሳና መፈለግ ነው። ልጆቹ ይፈልጉ። በየግቢው አጥር፣ በወንዙ ዳር፣ በቤተ እምነቶች ቅጥር ውስጥ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ከተገኘ እሱም ራሱ የሰፈሩ ታሪክ ነው።

ቀጥሎ ወደ ትንሹ አቃቂ መውረድ ነው። በመካኒሳና በላፍቶ በኩል የወንዙን ዳር ይዘው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመንና ካሮት የሚያለሙ ገበሬዎች ለአስርት ዓመታት ከተማዋን መግበዋል። የኢፍጣር ማዕዳችን ላይ ያለው ሰላጣ ከየት እንደሚመጣ ያልጠየቅን ብዙ ነን። ለልጅ ሲነገር ግን እውነቱ ሳይከፈል ቢነገር ይሻላል፦ ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ይሸከማል፤ ተመራማሪዎችም በአቃቂ ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ እንደ እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሽታው ለጾመኛ አይመችም፤ ከድልድይ ላይ ማየት ይበቃል።

የመካኒሳን ስም በአልኮል ፋብሪካው ብቻ የሚያውቅ የክፍለ አገር ሰውም ሞልቷል። በረመዳን ይህን ማንሳት ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ፋብሪካው የሰፈሩ ታሪክ አካል ነው፣ አይዘለልም።

የስም ነገር ከተነሳ አንድ ሌላ ምሳሌ እናንሳ፤ ከመካኒሳ ወጣ ብሎ በሰሜን ምዕራብ አዲስ አበባ ያለ ነው። የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ብሎ ሲጣራ የሚጠራው የሰው ስም ነው፦ የቤኒሻንጉሉ ገዢ ሼህ ኾጀሌ። በጉለሌ የነበራቸው መኖሪያ ለአካባቢው ስም ሰጠ፤ ስሙም በአፍ ሲንከባለል አጠረ። በየቀኑ እዚያ የሚወርዱ ሙስሊም ወጣቶች ስንቶቹ ይህን ያውቃሉ?

ሰነድ የሌለው ታሪክ በሰው አፍ ላይ ነው ያለው፤ ያ ሰው ደግሞ ወይ ያርፋል ወይ ይለቅቃል። አዲስ አበባ እየፈረሰች እየተሠራች ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት፣ ያውም በረመዳን ወር፣ በፒያሳ ነዋሪው ወደ ዳርቻ ሲሄድ ስለ ሰፈሩ የሚያውቀውን ይዞት ነው የሄደው። በኮንዶሚኒየም የሚያድግ ልጅ የብሎክ ቁጥሩን እንጂ ከብሎኩ በፊት ማን ያርስ እንደነበር የሚነግረው የለም።

ስለዚህ አስጎብኚው ከሩቅ አይፈለግ። ከመስጂዱ የፊት ሰፍ የማይጠፉት አባት፣ መድረሳው ሳይሠራ ጀምሮ እዚያ የኖሩት እማማ፣ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪው ክርስቲያን ጎረቤት ሊሆኑ ይችላሉ። «ታሪክ ይንገሩን» ከማለት ይልቅ ትንንሽ ጥያቄ ይሻላል፦ ውኃ ከየት ይቀዳ ነበር? መብራት መቼ ገባ? ከመስጂዱ በፊት ጀማዓው የት ይሰግድ ነበር? ሙታን የት ይቀበሩ ነበር? አንዱ ልጅ መልሱን በስልኩ ይቅረጽ፤ ስልኩም ለአንድ ቀን ቁም ነገር ይሥራበት።

መንገዱ አጭር ይሁን፤ ትንንሾቹ የሚጾሙ ከሆነ ጥላ ጥላውን፣ ከመግሪብም ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መመለስ። መንገድ የመሩት ሽማግሌ ብቻቸውን የሚያፈጥሩ ከሆነ በዚያው ይዞ መምጣት ነው። ጎረቤትየው ክርስቲያን ከሆኑና ሁዳዴ ከገጠመ ደግሞ የዚያን ቀን ሾርባ ያለ ሥጋ ይሠራላቸው።