ክረምት ከመግባቱ በፊት መድኃኒት ወደ ተራራው ይውጣ

በሽታ የመንገድን መድረቅ አይጠብቅም፤ ምጥም ዝናብ እስኪያባራ ድረስ አይዘገይም። ይህንን ነገር ከደባርቅና ከዳባት ከተሞች ወጣ ብሎ በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በበጋ በጥቂት ሰዓት የሚወረደው ቁልቁለት ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ያዳልጣል፤ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነዋል፤ በጥር ልጆች የሚሻገሩት ፈፋ በነሐሴ ሞልቶ በቅሎ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ሰው የታመመ እንደ ሆነ በወሳንሳ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር ሌላ ብልሃት አይገኝም።

ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት የምንፈልገው፥ የክረምት ሕክምና በበጋ ተዘጋጅቶ የሚቆይ ሥራ መሆኑን ነው።

አስቀድሞ የአገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ከዚያም በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራው በሊማሊሞ መንገድ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ወደ ዛሪማ ቆላ ይደርሳል። በደጋው ሕፃናትን የሳንባ ምች ያጠቃቸዋል፤ ሰዎችም ከብርድ ሸሽተው በአንድ ቤት ተጠጋግተው ሲያድሩና ልብስ አጥቦ ማድረቅ ሲያስቸግር ቅማል ይበዛል፥ በቅማልም የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ ይነሣሉ። በቆላው ደግሞ ዝናቡ ሲያበቃ ወባ ይበረታል።

የወባ ነገር ለዚህ አገር ሰው የቆየ ኀዘን ነው። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው ወረርሽኝ 7,000 የሚያህል ሰው ፈጀ። በ1950 ዓ.ም. ክረምት የጀመረው ደግሞ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ተስፋፍቶ 150,000 የሚያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። የደምቢያው መከራ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ለመቋቋሙ ምክንያት ሆነ። የኮሌጁም ዓላማ ሐኪም በከተማ ተቀምጦ በሽተኛ እንዲጠብቅ ሳይሆን፥ የጤና መኮንን፥ የኅብረተሰብ ነርስና የጽዳት ባለሙያ በአንድነት ወደ ገጠር እንዲወጡ ነበር። ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዳባት ወረዳ የተወለደውንና የሞተውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። ያልተቈጠረ ሞት ማንንም አይቀሰቅስምና፥ ይህ ሥራ ምስጋና የሚገባው ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ደግሞ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ እንዲሠራና ዓመት የሠለጠኑ 2 ሴቶች እንዲቀመጡበት አደረገ። መንገድ ሲዘጋ ከሕዝቡ ጋር በተራራው ላይ የምትቀረው እርሷ ናት። የሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ እንድታክም ከተፈቀደላት ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። ነገር ግን የኬላው መደርደሪያ ባዶ ከሆነ፥ ዕውቀቷ ብቻውን ሕፃኑን አያድነውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የወላድ ነገር ነው። ከወሊድ በኋላ የሚበረታ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ የ4 ሰዓት መንገድ ካለ፥ የተሸካሚዎቹ ጉልበት ምንም ቢበረታ ሰዓቱን አይቀድመውም። ስለዚህ የሚሻለው እናቲቱ ምጥ ሳይጀምራት ወርዳ በጤና ጣቢያ አጠገብ ባለው የእናቶች ማቆያ ቤት እንድትሰነብት ነው።

ይህ ምክር ለሚናገረው ቀላል ነው፤ ለምትሰማው ግን ከባድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የአረም ጊዜ ነው። በቤቷ ሌሎች ልጆች አሉ፤ የምትታለብ ላም አለች፤ እንጀራ የሚጋግር ሌላ ሰው የለም። በማቆያውም ቤት ስንቅ የምታጣ፥ በባዕድ መካከል ብቻዋን የምትቀር ይመስላታል። ይህ ሁሉ ስንፍና ተብሎ የሚነቀፍ አይደለም፥ መልስ የሚፈልግ እውነተኛ ጭንቀት ነው እንጂ። ቅሬው አስከሬን ለመሸኘት እንደሚሰበሰብ ሁሉ፥ የወላዲቱን ማሳ ለማረምና ልጆቿን ለመጠበቅ ቢሰበሰብ፥ ለማቆያውም ቤት እህል ቢያዋጣ፥ ገንፎዋም በዚያው እንደ አገሩ ወግ ቢገነፋላት፥ እምቢታው ብዙውን ጊዜ ይቀልላል።

በዚህ ነገር የካህናት እርዳታ ከፍ ያለ ነው። የንስሐ አባት ባለሥልጣን የማይደርስበትን ቤት ያውቃል፤ ቃሉም በባልና በአማት ዘንድ ይሰማል። ጠበል የሚጠመቀውን በሽተኛ፥ የታዘዘለትን ኪኒን እንዳያቋርጥ የሚመክር ካህን ነፍስ አዳነ ማለት ነው።

ሹማምንቱ ደግሞ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሊፈጽሙት የሚገባቸው ሥራ አለ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ የአራት ወር መድኃኒት በየኬላው ይግባ፤ በክረምት የሚወልዱት እናቶች በስማቸው ይመዝገቡ፤ የፈፋ መሻገሪያ እንጨቶች ይታደሱ፤ የአምቡላንሱም ነዳጅ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በተራራ ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ ደመወዟ በወቅቱ ይድረሳት፤ ተስፋ ቈርጣ የሄደች እንደ ሆነ በክረምት ምትክ አይገኝላትምና። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ በደረሰ ጊዜ፥ ከሩቅ የሚጠበቅ እርዳታ እንዴት በአንድ ቀን እንደሚቋረጥ ሁሉም አይቷል። የቀረበ መድኃኒት ብቻ የታመነ ነው።

ገበሬ ዘሩን በሚያዝያ ሳያሰናዳ በሰኔ አይዘራም። እኛም ለወገናችን ሕይወት ከገበሬው ያነሰ አስተዋዮች ልንሆን አይገባንም። በነሐሴ ጭቃ ውስጥ በወሳንሳ ላይ የምታቃስተው እናት የምትጠይቀን ጥያቄ መልሱ ያለው በግንቦት ነውና፥ እያንዳንዱ በተሰጠው ሥራ አሁኑኑ ይነሣ።