ደንቡን ከችግሩ በፊት ማንበብ፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነጥብ፣ ምረቃና ትምህርት ማቋረጥ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ)



ስለ ትምህርት ደንብ የሚደረግ ንግግር ብዙ አድማጭ እንደማይስብ አውቃለሁ። ደንብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ችግር ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደንቡ ያስቀመጣቸው ቀነ ገደቦች አልፈዋል። በመምህርነትና በተማሪዎች አማካሪነት በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ ዲግሪውን ሳይዝ የቀረ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱ ከብዶት የቀረ አለመሆኑን ነው። አንዳንዱ የነጥቡን ስሌት በጊዜው አላየውም፤ አንዳንዱ መሙላት የነበረበትን አንድ ቅጽ ሳይሞላ ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ደንቡን አንቀጽ በአንቀጽ አልዘረዝርም። ነጥብ እንዴት እንደሚጠራቀም፣ ለመመረቅ ምን እንደሚጠየቅ፣ ማቋረጥ ግድ ሲሆንም እንዴት እንደሚወጣ ብቻ አብራራለሁ።

ሦስቱ ሰነዶች

የሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። በአዋጁ ሥር እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ሴኔቱ ያጸደቀው የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ በተለምዶ «ሌጅስሌሽን» የምንለው ይህንን ነው። ተማሪ ከዚህ ጋር ሁለት ሌሎች ሰነዶችን ሊያውቅ ይገባል፤ የትምህርት ክፍሉን ሥርዓተ ትምህርትና የዓመቱን የትምህርት ካላንደር። ሥርዓተ ትምህርቱ ምን እንደምትማሩ ይነግራችኋል። ሌጅስሌሽኑ በምን ሁኔታ እንደምታልፉና እንደምትወድቁ ይወስናል። ካላንደሩ ደግሞ መብታችሁን እስከ መቼ ልትጠቀሙበት እንደምትችሉ ያሳያል። ኮርስ መጨመርና መቀነስ የሚቻልባቸው ቀናት የሚገኙት በካላንደሩ ላይ ነው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን በከፊል ያውቃል፤ ሌሎቹን ግን ሳይከፍታቸው ይመረቃል፤ ወይም ሳይከፍታቸው ይሰናበታል።

ነጥብ እንዴት ይጠራቀማል?

የአንድ ኮርስ ነጥብ የሚገኘው የግሬዱ ዋጋ በኮርሱ ክሬዲት ሰዓት ሲባዛ ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ ኤፍ ደግሞ 0 ዋጋ አላቸው፤ በመካከላቸው ፕላስና ማይነስ የተጨመረባቸው ግሬዶች አሉ። የሁሉም ኮርሶች ነጥብ ተደምሮ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል አማካይ ውጤቱ ይገኛል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ሰዓት ያላቸውን አምስት ኮርሶች ወስዳ አንድ ቢ፣ ሁለት ሲ፣ አንድ ዲና አንድ ኤፍ አገኘች እንበል። ነጥቧ 9፣ 6፣ 6፣ 3 እና 0 ሲደመር 24 ይሆናል። 24 ለ15 ሲካፈል 1.60 ነው። 2.00 ለመድረስ 30 ነጥብ ያስፈልጋት ነበርና የጎደላት 6 ነጥብ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ሌላ 15 ክሬዲት ብትወስድና ደንቡ እንድትቀጥል ቢፈቅድላት፣ ጉድለቷን ለመሙላት 2.40 ማምጣት ይበቃታል።

አሁን ደግሞ ስድስት ሴሚስተር የጨረሰ፣ 90 ክሬዲት ያጠራቀመና ድምር አማካዩ 1.90 የሆነ ተማሪ እናስብ። ሲታይ ከ2.00 የጎደለው 0.10 ብቻ ነው። ነገር ግን 0.10 በ90 ሲባዛ 9 ነጥብ ነው። ይህንን በአንድ የ15 ክሬዲት ሴሚስተር ለመሙላት 2.60 ማምጣት አለበት። የዘገየ ትንሽ ጉድለት ከመጀመሪያ ዓመት ትልቅ ጉድለት ይበልጥ ይከብዳል ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ የሒሳብ ማረጋገጫ አለው።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያ፣ በተለምዶ ዋርኒንግ የሚባለው፣ የውርደት ወረቀት ተደርጎ መታየት የለበትም። ጉድለቱ ገና ሊሞላ በሚችልበት ደረጃ ላይ እንዳለ የሚናገር ሰነድ ነው። ማስጠንቀቂያና ስንብት የሚጀምሩባቸው ነጥቦች እንደ ዓመቱና እንደ ሴሚስተሩ ስለሚለያዩ እያንዳንዳችሁ ከራሳችሁ ሌጅስሌሽን ልታውቋቸው ይገባል። ማስጠንቀቂያ ደርሶት ወረቀቱን ከቤተሰብም ከአማካሪውም የሚደብቅ ተማሪ የተሰጠውን ጊዜ ራሱ ያሳጥረዋል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት በጋራ ኮርሶች እንዲሸፈን መደረጉን ታውቃላችሁ። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂና ሌሎችም ይገኙባቸዋል። «የእኔ ሙያ አይደለም» በሚል የሚናቁት እነዚህ ኮርሶች በድምር አማካዩ ውስጥ እንደማንኛውም ኮርስ ይቆጠራሉ፤ የትምህርት ክፍል ምደባም በዚያው ዓመት ውጤት ላይ ይመሠረታል።

ለመመረቅ 2.00 ብቻ ይበቃል?

አይበቃም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በተለመደው አሠራር ተመራቂ በሥርዓተ ትምህርቱ የተዘረዘሩትን ኮርሶች ሁሉ ማጠናቀቅ፣ በድምር አማካይ ቢያንስ 2.00 ማምጣት፣ በዋና የትምህርት መስኩ ኮርሶችም ለብቻው 2.00 ማሟላትና ያልተስተካከለ ኤፍ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። በጋራ ኮርሶች ጥሩ ነጥብ ይዞ በራሱ መስክ ከ2.00 በታች የሆነ ተማሪ ጠቅላላ አማካዩ ቢያምርም አይመረቅም። ይህንን ስሌት ሬጅስትራር በመጨረሻው ዓመት እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ከሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ለብቻው አስሉት።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። በሕግ ትምህርት ቀደም ብሎ የነበረው ይህ አሠራር ወደ ሌሎች የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ሲሰፋ ማለፊያው 50 በመቶ ሆኗል። ያላለፈ ተማሪ ዳግም ሊፈተን ይችላል፤ ሳያልፍ ግን ዲግሪው አይሰጠውም። ከነጥብ አማካይ ጋር ያለውን ልዩነት አስተውሉ። በአማካይ ስሌት ውስጥ አንድ ቢ አንድን ዲ ይሸፍናል። የመውጫ ፈተና ግን ጥያቄዎቹን ከተለያዩ ዓመታት ዋና ዋና ኮርሶች ስለሚያወጣ ዲ የተሸፈነበት የእውቀት ክፍተት እዚያ ተመልሶ ይታያል።

ማቋረጥ ግድ ሲሆን

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ይህንን ክፍል ነው። ሕመም ይመጣል፤ ወላጅ ይሞታል፤ የአገር ቤት መንገድ ይዘጋል፤ የሚልክ ሰው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብዙ ተማሪ የሚያደርገው ሻንጣውን ይዞ ለማንም ሳይናገር መሄድ ነው። መምህሩ የፈተና ውጤት አያገኝለትም፤ ሬጅስትራር የት እንደገባ አያውቅም። ከዓመት በኋላ ሲመለስ ጥያቄው «ለምን ሄድህ?» አይሆንም፤ «በደንቡ መሠረት ወጥተሃል ወይ?» የሚል ይሆናል።

የማቋረጫ ቅጽ፣ በተለምዶ ዊዝድሮዋል የምንለው፣ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ተማሪው በቀነ ገደቡ ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ፣ ማስረጃውን አያይዞ፣ የትምህርት ክፍሉንና የሬጅስትራርን ፊርማ አግኝቶ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ከወጣ ተመልሶ ለመማር የመጠየቅ መብቱን ይዞ ይሄዳል። ሳይሞላ የሄደ ግን ያንን መብት ሊያጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል የችሎታ ልዩነት የለም፤ ያለው የጥቂት ቀናትና የጥቂት ፊርማዎች ልዩነት ነው። ራሱ መምጣት ያልቻለ ተማሪ ቢኖር እንኳ በስልክ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም ለአማካሪው ማሳወቅ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

የመጨረሻ ፈተና ያመለጠውም እንዲሁ ነው። በቂ ምክንያት ያለው ተማሪ ማስረጃውን በጊዜው ካቀረበ ውጤቱ ያልተሟላ ተብሎ ይያዝለትና የመፈተን ዕድል ይኖረዋል። ዝም ያለ ተማሪ ያልተሟላው ውጤት በጊዜ ብዛት ወደ ኤፍ ሲለወጥበት ነው የሚባንነው። በግሬዱ ቅር የተሰኘም ቅሬታውን በጽሑፍና በተወሰነው ጊዜ ማቅረብ መብቱ ነው፤ ለዶርም ጓደኛ ማማት ግን ቅሬታ ተብሎ አይመዘገብም።

ለባልደረቦቼ

ደንብ የሚጠበቀው በተማሪው ብቻ አይደለም። የኮርስ ዝርዝር በመጀመሪያው ሳምንት ካልተሰጠ ተማሪው በምን እንደሚመዘን አያውቅም። የተከታታይ ምዘና ውጤት ከመጨረሻው ፈተና በፊት ካልተመለሰ ኮርሱን ልቀጥል ወይስ ላቋርጥ የሚለውን ውሳኔ በጨለማ ይወስናል። ግሬድ ዘግይቶ ሲገባ በማስጠንቀቂያ ላይ ያለ ተማሪ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ምዝገባ በስጋት ይጠብቃል። እኛ የምናዘገየው አንድ ሳምንት በእርሱ ካላንደር ላይ ቀነ ገደብ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገሮችን አድርጉ፦ ሌጅስሌሽኑን አግኝታችሁ ስለ ውጤት፣ ስለ ማቋረጥና ስለ ዳግም ቅበላ የተጻፉትን ክፍሎች አንብቡ፤ ድምር አማካያችሁንና ከ2.00 ያላችሁን ትርፍ ወይም ጉድለት በነጥብ አስሉ፤ የካላንደሩን ቀነ ገደቦች በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ሦስቱም በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቁ ናቸው።