የአፈር ግድብና ማስተንፈሻው

ትንሽ የአፈር ግድብ ከዚያው ከአካባቢው በሚቆፈር ሸክላማ አፈር ይሠራል። አፈሩ በስሱ ይነጠፋል፣ በልኩ እርጥብ ይደረጋል፣ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ሌላ ንጣፍ ይደረብበታል። ሲሚንቶና ብረት ብዙ ስለማይፈልግ በየአገሩ ባለእርሻዎች በራሳቸው መሬት ላይ ሠርተው መስኖ ያጠጡበታል።

ከክፍሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ማስተንፈሻው ነው። ከግድቡ አናት ዝቅ ብሎ በዳር በኩል የሚወጣ ሰፊ ቦይ ሲሆን፣ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ሊከርም ይችላል። ስለዚህም ባለቤቶች ቦታ የሚያባክን ይመስላቸዋል። ነገር ግን ከባድ ዝናብ በጣለ ቀን ትርፉ ውሃ የሚያልፍበት መንገድ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከተደፈነ ውሃው በአናቱ ይፈሳል፤ አፈሩ ከታች ከተዳፋቱ ይቦረቦራል፣ ቡርቦራው ወደ ላይ እየበላ አናቱን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ የሚያቆመው የለም።

በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት የሚገኘው ካ ሎኮ ግድብ በ1890 (እ.ኤ.አ.) ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ተሠርቶ በኋላ በግለሰብ እጅ ገባ። ማርች 14 ቀን 2006፣ ከሳምንታት ዝናብ በኋላ፣ ሊነጋ ሲል ተደረመሰ። ከታች ቤታቸው ውስጥ የነበሩ 7 ሰዎች ሞቱ። በምርመራው ማስተንፈሻው በአፈር ተደፍኖ እንደነበር ተደረሰበት፤ መንግሥትም ግድቡን ፈትሾት አያውቅም ነበር። ባለቤቱ በ2014 የ7 ወር እስራት ተፈረደበት። ለ7 ሰው ነፍስ ይህ እጅግ ያነሰ ቅጣት ነው። ግዛቱ በ2007 የግድብ ደህንነት ሕጉን አጠናከረ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1889 በፔንስልቬንያ የአንድ የመዝናኛ ክለብ የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ፈርሶ ከ2,200 በላይ ሰው አልቋል። እዚያም ማስተንፈሻው ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ተብሎ ወንፊት ተደርጎበት ነበር።

«ትንሽ ግድብ» የሚለው አነጋገር ሰውን ያዘናጋል። የግድብ አደገኝነት የሚለካው ከሥሩ ማን እንደሚኖር በማየት ነው። ግድቡ ሲሠራ ባዶ የነበረ ሸለቆ ከዓመታት በኋላ መንደር ሊሆንበት ይችላል፤ ያን ጊዜ ግድቡ ሳይለወጥ አደጋው ይለወጣል።

ባለቤቱ በየጊዜው በእግሩ ዞሮ ይመልከተው። በግድቡ ላይ ዛፍ አይብቀልበት፤ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይሆናል። የአይጥና የጃርት ጉድጓድም እንዲሁ። ከታችኛው ተዳፋት ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ቢያዥ መጠኑን እየመዘገቡ መከታተል ይቻላል። ውሃው ከደፈረሰ ግን ግድቡ ከውስጥ እየታጠበ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የታች ሰፈር ሰው ይነገረው፣ ባለሙያም ይጠራ። ውሃው በግድቡ የማስወጫ ቧንቧ ሲቀነስም ባለሙያው እየተከታተለ ይሁን፤ በጥድፊያ ከወረደ ውሃ ጠጥቶ የከበደው የውስጠኛው ተዳፋት ሊናድ ይችላል።