ተራው የጋራ፣ ፍሬኑ የግል

ባለፈው ወር አንዲት ሴት ሦስት ወፋፍራም ደብተሮች በፌስታል ቋጥራ ጋራዣችን ድረስ መጣች። አባቷን ከሃያ ዓመት በላይ አውቃቸው ነበር፤ በጎጃም መስመር አንድ አውቶቡስ የነበራቸው፣ መጀመሪያ ራሳቸው እየነዱ ኋላም ሾፌር ቀጥረው ያሠሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ መኪናውን ልንሸጠው ነው። ገዢው የጠየቀን ሊብሬውንና ቦሎውን ብቻ ነው። እነዚህን የአባቴን የጥገና ደብተሮች ልጥላቸው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ደግ አደረግሽ» ብዬ ተቀበልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ አነባቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ሙያና ያ አውቶቡስ አባል የነበረበትን ትንሽ ማኅበር ታሪክ ከእነዚህ ደብተሮች እንደ አዲስ እየተማርኩ ነው።

በየመስመሩ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተቀየረው ዕቃ፣ ዋጋውና የሠራው ሰው ስም ተጽፏል። የእኔ ስም ከሁለተኛው ደብተር መሀል ይጀምራል። ቋንቋው የጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ግማሹ ጣሊያን ትቶልን የሄደው፦ «ባሌስትራ ኋላ ቀኝ ተሰብሮ ተቀየረ»፣ «ኩሽኔታ ፊት ግራ»፣ «ካላማዳሪ 2»፣ «ፖርቶ መጋላ ብየዳ»። ዘይት የነካው ገጽ ብዙ ነው። ሰውየው ሌሊት ከመንገድ ገብተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ይጽፉ እንደነበር ከጣታቸው አሻራ ይታያል።

መኪናው ፊያት 682 ነው፣ እኛ «ኤንትሬ» የምንለው። ሻንሲው የጣሊያን፣ ቦዲው እዚሁ በላሜራ የተቀጠቀጠ። መሪው በቀኝ በኩል ነበር። ጣሊያኖች በተራራ መንገድ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ በቅርብ እንዲያይ ብለው ከባድ መኪናን እንዲህ ይሠሩት ነበር። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ስትነዳ ቆይታ ወደ ቀኝ ተዛወረች፤ መሪው ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ ሾፌሩ ገደሉን አጥርቶ ያያል እንጂ ከፊቱ ያለውን መኪና ለመቅደም ሲያስብ መንገዱ አይታየውም። ረዳቱ በግራ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ግባ!» ወይም «ቆይ!» ይለዋል። የስልሳ ሰው ሕይወት በሁለት ሰዎች መተማመን ላይ ነበር። በወጣትነቴ በዚያ መኪና ለሙከራ ስወጣ፣ ያንን የረዳት ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ለይቶ መስማት ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ ገብቶኛል።

የማኅበሩ ታሪክ እንደሌሎቹ የአገር አቋራጭ ማኅበራት ነው። በደርግ ዘመን ትልልቅ ድርጅቶች ተወርሰው የሕዝብ ማመላለሻው ዋና ክፍል በመንግሥት እጅ ገባ፤ የከተማውን አንበሳ፣ አገር አቋራጩን ዋልያ ይዘውት ቆዩ። አንድ መኪና ያለው ባለንብረት ግን ከመኪናው ጋር ቀረ፤ የሚሠራው ግን በተመደበበትና በታዘዘበት ነው። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ያንን አሠራር ሲያላላው፣ ባለንብረቶች በየመስመሩ እየተሰባሰቡ ማኅበር አቋቋሙ። አውቶቡሶቹ በደረጃ ተከፈሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መናኸሪያው ውስጥ አንዲት ቢሮ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ የተራ ዝርዝር። በቃ፣ ያ ነው ማኅበሩ።

ሙያተኛ ያልሆነ ሰው የማይታየው እዚህ ላይ ነው። ተሳፋሪው ከአውቶቡሱ ጎን የማኅበሩን ስም ሲያይ አንድ ድርጅት ይመስለዋል። የጋራ የሆነው ግን ተራው ብቻ ነው። ገቢው የባለንብረቱ፣ ሾፌሩ የባለንብረቱ፣ ጎማው የባለንብረቱ፣ ፍሬኑም የባለንብረቱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአንድ ማኅበር ሦስት አባላት፣ መኪናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሄደው አንድ ዓይነት የፍሬን ሸራ በሦስት የተለያየ ዋጋ ገዝተው ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ተባብረው ቢገዙ ርካሽ ብቻ ሳይሆን ጥራቱንም መርጠው ይገዙ ነበር። አንድ የጋራ ጋራዥ፣ አንድ ቋሚ መካኒክ፣ አንድ መጋዘን ቢኖራቸው ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። «የእኔን መኪና ማን ያስቀድምልኛል?» ይሉኛል። ጥያቄው ከንቱ አልነበረም፤ በአንድ መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ወረፋን ይፈራል።

ከሁሉ የሚከፋው ተራው ራሱ ጥገናን ጠላት ማድረጉ ነው። ተራው ሲደርስ መኪናው ካልቀረበ ያልፈዋል፤ የሚቀጥለው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። አውቶቡስ ተራ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሞተር ሲነሳ እዚያ መገኘት ግድ ነው። ስለዚህ «ሲመለስ እንሠራዋለን» የሚባል ነገር መጣ። በሙያዬ እንደዚህ ቃል የምፈራው የለም።

የጎጃም መንገድ ደግሞ ለዚህ ቃል ትዕግሥት የለውም። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት ግማሹ ዳገት። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ወንዝ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወረዳል። ሙሉ ሰው የጫነ፣ ጣሪያው ላይ ጤፍና ፍራሽ የተከመረበት አውቶቡስ ያንን ሲወርድ፣ የክብደቱን ጉልበት በሙሉ አንድ ነገር ሊውጠው ይገባል፤ ወይ ሞተሩ በትንሽ ማርሽ፣ ወይ ፍሬኑ። በፍሬን ብቻ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ ታምቡሩም ይግልና ወደ ውጭ ይሰፋል። ሸራው ታምቡሩን ለማግኘት የበለጠ መሄድ አለበት። ሾፌሩ ቢረግጥም ፍሬኑ አጥብቆ አይዝም፤ ደጋግሞ ሲረግጥ ንፋሱ ያልቃል። የሳሳ ሸራ ሙቀቱን የሚይዝበት አካል ስለሌለው ከሁሉ ፈጥኖ ይከዳል። ጥሩ ሾፌር አፋፉ ላይ ሳለ ማርሹን ቀንሶ ይገባል፤ ለምን እንደሆነ ሳይናገር ያን ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ሲመረቅ ብዙዎች መንገዱ ቀለለ አሉ። ወንዙን መሻገሩ ቀሏል፤ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው።

ሦስተኛው ደብተር ላይ የደረስኩ ማታ አንድ መስመር አገኘሁ። ሰኔ ወር ነው። «ኋላ ግራ ሸራ 4 ሚሊ ቀርቶታል ተብሎ ተነግሮኛል። ተራ ስላለ ሄደ።» ከጎኑ የእኔ ስም አለ።

ያንን ምሽት አስታውሰዋለሁ። ሸራው መቀየር ነበረበት። ተናገርኩ፤ እሳቸውም ሰሙ፤ ሁለታችንም የነገውን ተራ አሰብን። ታምቡሩን መልሼ ገጠምኩት። እኔ ነኝ ብሎኑን ያጠበቅሁት። መኪናው ባሕር ዳር ደርሶ በደኅና ተመለሰ፤ በማግሥቱ ሸራው ተቀየረ፤ ያም ተጽፏል። ደርሶ መመለሱ ግን ትክክል መሥራቴን አያሳይም። ስልሳ ሰው ሳያውቅ ያንን ሸራ ተሳፍሮበታል። እሳቸው ከእኔ የሚበልጡት ሳይደብቁ በመጻፋቸው ነው፤ እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ ረስቼው ነበር።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ እንደ ሰላም ባስ፣ ቆይቶም እንደ ስካይ ባስ ያሉ አክሲዮን ማኅበራት ሲመጡ፣ የእኛ ባለንብረቶች «ወንበሩ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ነው ሰው የሚወስደው» ይሉ ነበር። ወንበሩም ይስባል፣ አልክድም። እኔ ግን ልዩነቱ ከወንበሩ በታች ነበር እላለሁ። መኪናው የድርጅቱ ሲሆን፣ አንዱ ለጥገና ቢቆም ሌላው ይወጣል፤ የቆመው መኪና የማንንም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አያስቀርም። ትንሹ ማኅበር ይህንን ማድረግ ይችል ነበር። በየተራው ከገቢው ጥቂት ቆርጦ፣ መኪናው ለፍሬን የቆመበትን አባል የዕለት ጉርሱን ቢሸፍንለት፣ ያ «ሲመለስ» የሚባል ቃል ይጠፋ ነበር። ዕድርና ዕቁብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ማኅበረሰብ፣ ሰው ከመሞቱ በፊት ታምቡር ለሚያወልቅ አባሉ ማዋጣት እንዴት አቃተው? ይህ ጥያቄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ መኪናቸውን ሸጠዋል። ቢሮዋ አለች፤ የተራ ዝርዝሩ አጥሯል። የጥገና ደብተር የያዘ ሌላ አባል እንዳለ ብጠይቅ አላገኘሁም።

ትናንት አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ለፍሬን ገባ። መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ሸራ እንደቀየረ ሾፌሩን ብጠይቀው «እኔ ከተረከብኩት ገና አራት ወሬ ነው» አለኝ። ልጁ፣ አብሮኝ የሚሠራው፣ የኋላ ግራ ታምቡሩን አውልቆ ሸራውን ለካና «ጋሼ፣ 5 ሚሊ» ብሎ ጮኸ። «ለሾፌሩ ዛሬ አይወጣም በለው» አልኩት። «ከዚያ ጻፈው፤ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ስምህንም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገና እስክሪብቶ ፍለጋ ሄደ።