ከመዥገር ስለሚመጣ የውሻ ደም በሽታ

ውሻ ቤትን ከሌባ፥ በጎችንም ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቅ ታማኝ እንስሳ ነው። ይህ ጠባቂ ምግቡን ትቶ ከጥግ ተኝቶ ሲታይ፥ ቡዳ በላው ወይም መርዝ ቀመሰ ይባላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ገዳዩ በጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል የተጣበቀችው መዥገር ናት። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ሎንስበሪ የተባለ የነፍሳት ሊቅ በደቡብ አፍሪካ መርምሮ፥ ውሾችን የሚፈጀውን የደም በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የምታሻግረው መዥገር መሆኗን አስረድቷል።

ከእነዚህ በሽታዎች ሁለቱ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ባቤዚያ ነው። ደቃቁ ተውሳክ ወደ ቀዩ የደም ሕዋስ ገብቶ ያፈርሰዋል፤ ስለዚህ ውሻው ይተኩሳል፥ ድዱ ይነጣል፥ ሽንቱ ይቀላል ወይም እንደ ቡና ይጠቁራል። ሁለተኛው ኤርሊኪያ ነው። ይህ ነጩን የደም ሕዋስ ይይዛል፤ ውሻው እየከሳ ይሄዳል፥ አንዳንድ ጊዜም ይነስረዋል። ነገር ግን ትኩሳት፥ ድካምና የድድ መንጣት በሁለቱም ይታያሉ፤ ሁለቱም በአንድ ውሻ ላይ ሊገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ በዓይን አይቶ ብቻ መፍረድ አይገባም። የከብት ሐኪም ከጆሮው ጫፍ ጥቂት ደም ወስዶ፥ በመስተዋት ላይ ቀብቶና በቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመለከተው፥ ባቤዚያ በቀዩ ሕዋስ ውስጥ እንደ እንባ ጠብታ፥ ብዙ ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታየዋል። ኤርሊኪያ ግን በዚህ መንገድ አዘውትሮ ስለማይገኝ በሌላ የደም ምርመራ ይታወቃል።

መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ለባቤዚያ ኢሚዶካርብ በመርፌ ይሰጣል፤ ከ14 ቀን በኋላም ይደገማል። ለኤርሊኪያ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው ኪኒን በየቀኑ እስከ 28 ቀን ይሰጣል፤ ውሻው ተሻለው ተብሎ ቢቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። መጠኑን እንደ ውሻው ክብደት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

የሚለሐጭ፥ ጠባዩ የተለወጠና የሚናከስ ውሻ ግን የእብደት በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል፥ ድዱን ለማየት መቅረብ አይገባም።

ከሁሉ የሚሻለው መከላከል ነው። መዥገሯ ከተጣበቀች በኋላ የባቤዚያን ተውሳክ እስክታስገባ ብዙ ጊዜ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጅባታልና፥ ውሻን በየቀኑ መፈተሽ ይጠቅማል። ስትነቀልም ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ በቀስታ መሳብ ነው እንጂ በእሳት መተኰስ ወይም በባዶ እጅ መጨፍለቅ አይገባም። አንዲት መዥገር ከ1,000 የሚበልጥ እንቁላል በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ልትጥል ስለምትችል፥ የውሻውን ማደሪያ መጥረግና ስንጥቁን መምረግ ያስፈልጋል። አስተማሪና ሽማግሌ ይህን ለልጆች ቢያስረዱ፥ የደጁ ጠባቂ ሳይታወቅለት አይሞትም።