ቆመው የተሣሉ የጉሊት ሴቶች

የቁም ሥዕል ሲባል ለዘመናት የነገሥታትና የባለጸጎች መልክ ማለት ነበር። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን ግን «የሕይወት ምሰሶዎች» በተሰኘው ተከታታይ ሥራቸው የአዲስ አበባን የጉሊት ነጋዴዎች ሣሉ። ስናልፍ ቁልቁል የምናያቸው ሴቶች ሸራው ላይ ቁመታቸው ረዝሞ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ይህ ብቻውን ትልቅ ፍርድ ነው እላለሁ።

እንባም ሳቅም ፈልጌ አላገኘሁም። ስሜቱ ያለው አቋማቸው ውስጥ ነው፦ ዘንበል ባለው አንገት፣ ሸክም በለመደው ትከሻ። ከኋላቸው የተሟላ ገበያ አልተሣለም፤ በቀለም ንጣፍ መካከል ሰዎቹ ብቻ ጎልተው ይታያሉ። ድካምና ኩራት በአንድ ገላ ላይ እንዲህ ሲገናኙ ማየት ልቤን ይነካዋል።

ታደሰ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ዓመታት አስተምረዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢያናሌ የመጀመሪያዋን ብሔራዊ ትርኢት ስታቀርብ የታዩት የእሱ ሥራዎች ነበሩ። ለዓመታት ጀርመን የኖረው ተስፋዬ በሥዕሎቹ የሰዎችን አካላት ያጠላልፋል፤ ዓይኖቻቸውን ግን በቀጥታ እኛ ላይ ይተክላል። የሁለቱንም ሥዕሎች የማየት ዕድል ካገኛችሁ መጀመሪያ እጆቹን ተመልከቱ፤ ፊት የሚሸሽገውን እጅ ያወጣዋል።