ብረትና ድኝ የበዛበትን የጉድጓድ ውሃ ስለ ማጣራት
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በዶርዜ ፈትልና ሽመና የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። ነጭ ጋቢ ብረት በበዛበት ውሃ ከታጠበ ቡናማ እድፍ ይይዛል፤ የገበያ ዋጋውም ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ቤተሰቡ የጉድጓዱን ሽታና ቀለም ጠልቶ ወደ ወንዝ የተመለሰ እንደ ሆነ ነው። በውሃ ውስጥ ያለው ብረት በአብዛኛው ጤና አይጎዳም፤ ያልተከለለ የወንዝ ውሃ ግን ተቅማጥ ያመጣል። ስለዚህ ጉድጓዱን ከመተው ይልቅ ውሃውን ማጣራት ይገባል።

መንስኤው

የደጋው ቀይ አፈር ቀለሙን ያገኘው ከብረት ነው። አየር በማይደርስበት ጥልቀት ብረት በውሃ ይሟሟል። ውሃው ሲቀዳ ኩልል ያለ ይመስላል፤ አየር ሲያገኘው ግን ብረቱ ዝጎ ውሃውን ያቀላዋል። መጠኑ በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ሲያልፍ ልብስ ያበላሻል። የገማ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ደግሞ አየር በሌለበት ስፍራ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ድኝ ካለባቸው ነገሮች የሚያወጡት ጋዝ ነው።

መለያው

ውሃውን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ እስከ ማግሥቱ ማቆየት ነው። ከሥሩ ቀይ አተላ ከዘቀጠ ብረት አለበት። በዚህ ውሃ የተፈላ ሻይም ከወትሮው ይጠቁራል።

አሠራሩ

1. ሥሩ በምስማር በተበሳሳ ባልዲ ውሃውን ከግማሽ ሜትር ከፍታ እንደ ዝናብ ማውረድ፤ ይህንንም 3 ጊዜ መደጋገም። ሽታው የሚወጣው በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይከናወን።

2. ውሃውን ከድኖ አንድ ሌሊት ማሳደር።

3. አተላውን ሳይበጠብጡ ቀድቶ በማጣሪያ በርሜል ማሳለፍ። በበርሜሉ ሥር ጠጠር፣ በላዩ 60 ሳንቲ ሜትር የታጠበ አሸዋ ይደረጋል። ፍሰቱ ሲቀንስ የላይኛውን 3 ሳንቲ ሜትር አሸዋ አንሥቶ ማጠብ ያስፈልጋል።

4. ለመጠጥ የሚውለውን ለመጠጥ ውሃ በተዘጋጀ ክሎሪን ማከምና 30 ደቂቃ ማቆየት። መጠኑ በመያዣው ላይ የተጻፈው ነው። ብረትና ድኝ ክሎሪኑን ስለሚያባክኑት ከማጣራት በፊት አይጨመርም።

ማሳሰቢያ

• ቀድሞ የማይሸት ጉድጓድ በድንገት ከሸተተ የሽንት ቤት ፍሳሽ ገብቶበት እንደ ሆነ ይመርመር። በጉድጓድና በሽንት ቤት መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት ሊኖር ይገባል።

• የዝገት እድፍ በበረኪና አይለቅም፤ ይብስ ይጸናል። በሎሚ ጭማቂ አሽቶ በተጣራ ውሃ በደንብ ማለቅለቅ ይሻላል።

• በስምጥ ሸለቆው ቆላ ፍሎራይድ የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ያጋጥማል። ይህ ማጣሪያ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ በላቦራቶሪ ይመርመር።

የልማት ሠራተኛው አሠራሩን በመጀመሪያ በአንድ ጉድጓድ ላይ ያሳይ። ከአንድ ልቃቂት ሁለት ነጭ ፈትል ወስዶ አንዱን ባልተጣራው፣ ሌላውን በተጣራው ውሃ ደጋግሞ አጥቦ ጎን ለጎን ቢያሰጣ ሸማኔው ልዩነቱን በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል።